እርሾና የዶሮ ደም

በጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር በጋው ሲበረታ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ዶሮን ደግሞ አያልባትም፤ ሰውነቷ በጤናዋ ጊዜ እንኳ 41 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ መኖ ትቀንሳለች። እርሾ ይህን ጫና ያቀልላት እንደሆነ ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ ደሟ ነው።

እርሾው ዳቦ የሚያቦካው፣ ጠላና ቢራ የሚያፈላው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ ነው። ከቢራ ጠመቃ የሚተርፈው ሲደርቅ ከክብደቱ 40 በመቶ በላይ ፕሮቲን ይሆናል፤ ቢ ቫይታሚኖችም አሉት። ጥሬው ግን አብዛኛው ውሃ ነውና በቆላ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል።

ሥራውን የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው። በእርሾው ሕዋስ ግድግዳ ላይ ያለው ማናን የተባለ ንጥረ ነገር፣ ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ የተባሉት ባክቴሪያዎች አንጀትን የሚጨብጡበትን ክር ይይዛል፤ ተጣብቀው ከኩስ ጋር ይወጣሉ። በዚያው ግድግዳ ላይ ያለው ቤታ ግሉካን ደግሞ ተከላካይ ሕዋሳትን ያነቃል።

ለምርመራ ደም የሚወሰደው ከክንፍ ሥር ነው። የዶሮ ቀይ የደም ሕዋስ ሞላላና ባለ ኒውክለስ ስለሆነ ለሰው የተሠራ መቁጠሪያ ማሽን ከነጩ ጋር ያምታታዋል፤ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ መቁጠር አለበት። የቀዩ ማነስ የምግብ ጉድለትን ወይም እንደ ኮክሲዲዮሲስ ያለ በሽታን ሊጠቁም ይችላል። ጭንቀትን የሚናገሩት ነጮቹ ናቸው፦ ዶሮ ስትጨናነቅ ሄትሮፊል የሚባለው ነጭ ሕዋስ ይበዛል፣ ሊምፎሳይት የሚባለው ይቀንሳል። ግሮስና ሲገል የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳመለከቱት፣ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 0.2 አካባቢ ከሆነ ጭንቀቱ ዝቅተኛ፣ 0.8 ከሆነ ከፍተኛ ነው።

እርሾ በተሰጣቸው ዶሮዎች አንዳንድ ሙከራዎች የሄሞግሎቢን መጨመርን ወይም የሄትሮፊልና የሊምፎሳይት ጥምርታ መውረድን አሳይተዋል፤ ሌሎች ለውጥ አላገኙም። እርሾው ሕያው ወይም የሞተ መሆኑ፣ መጠኑና የዶሮዋ ሁኔታ ውጤቱን ይለውጣሉ። ጠግባ በቀዝቃዛ ቤት የምታድር ዶሮ ብዙ የሚሻሻል ነገር የላትም፤ ሙቀትና ተህዋሲ የሚፈትናት ግን ይኖራታል።

ስለዚህ ኒውላንድ ላይ ዶሮ የሚያረባ ሰው ጥላ፣ ንጹሕ ውሃና የፈንግል ክትባት ያስቀድም፤ እርሾ የእነዚህ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። መሞከር ከፈለገ መንጋውን ለሁለት ከፍሎ፣ በአንድ ዓይነት ቤትና መኖ፣ ለግማሹ ብቻ እርሾ ይስጥ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የእንስሳት ሐኪም የሁለቱንም ደም ቢያነጻጽርለት፣ ገንዘቡን በእርሾ ላይ ማዋሉ ያዋጣው እንደሆነ ከራሱ ዶሮዎች ያውቃል።