የቀነጨረ ልጅ ዕጣ በሁለት ዓመቱ ይወሰናልን?



በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩት የኢትዮጵያ ሕፃናት 58 በመቶ ያህሉ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰ፣ ማለትም የቀነጨሩ ነበሩ። በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 38 በመቶ ወርዷል። እመርታው ትልቅ ነው። ሆኖም ሁለቱ ጥናቶች የለኩት የተለያዩ ሕፃናትን ስለሆነ፣ ቀድመው የተለኩት ኋላ ምን እንደሆኑ አይነግሩንም።

ይህን የሚነግረን ያንኑ ልጅ ለዓመታት የሚከታተል ጥናት ነው። ያንግ ላይቭስ የተሰኘው ጥናት ከ2002 ጀምሮ በአገራችን 3,000 ያህል ልጆችን እየተመላለሰ ጠይቋል፤ ለክቷልም። በሕፃንነታቸው ከቀነጨሩት ከፊሎቹ ኋላ አገግመዋል፤ በደኅና ጀምረው ኋላ የቀነጨሩም አሉ።

ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ያሉት 1,000 ቀናት ወሳኝ መሆናቸውን አልክድም። የምቃወመው ከዚያ በኋላ በሩ እንደተዘጋ መቁጠርን ነው። እንዲያ ካሰብን የትምህርት ቤት ምገባንም ሆነ የአፍላ ወጣቶችን ጤና ከንቱ ድካም እናደርጋቸዋለን። ስለዚህ እናንተ ወጣት ተመራማሪዎች፣ ልጁን አንድ ጊዜ ለክታችሁ አትሰናበቱት፤ ተመልሳችሁ ጠይቁት።