ትእዛዙ ለማን ነው? ሰርቨሮችን በሥራ ድርሻ ስለ ማሰማራት



እዚህ ኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ ያየ ሰው የፎርማኑን አነጋገር አይረሳም። «ፌሮ ሠራተኞች ወደ ሦስተኛ ፎቅ! ቧንቧ ሠራተኛ፣ ግድግዳው ሳይለሰን ግባ!» ይላል እንጂ የእያንዳንዱን ስም እየጠራ አይውልም። ዛሬ የመጣው ሠራተኛ ነገ ቀርቶ ሌላ ቢተካ ትእዛዙ ያው ነው። የተሰጠው ለሥራ ድርሻው እንጂ ለግለሰቡ አይደለማ! ይኸው ዘዴ ዛሬ ኮምፒውተሮችን ለማዘዝም ያገለግላል። እንዴት የሚለውን ባጭሩ እናያለን።

ሰርቨር የምንለው ከሌሎች ኮምፒውተሮች ለሚመጣ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ኮምፒውተር ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በኢንተርኔት ሲለቀቅ ተፈታኙ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጠይቃል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከፊሉ ተፈታኝ ፈተናውን ራሱን በኮምፒውተር ወስዷል። እንዲህ ያለው ሸክም ላንድ ሰርቨር ይከብዳል። ስለዚህ በትልልቅ አገልግሎቶች ሥራው ብዙውን ጊዜ በሦስት ድርሻ ይከፈላል፦

ሀ) ዌብ፦ ጥያቄውን ተቀብሎ ያስተላልፋል። በትምህርት ቤት ቢሆን በር ላይ ያለው እንግዳ ተቀባይ ነው።
ለ) አፕሊኬሽን፦ ሂሳቡንና ውሳኔውን ይሠራል። መምህሩ ነው እንበል።
ሐ) ዳታቤዝ፦ መረጃውን ይጠብቃል። ይህ መዝገብ ቤቱ ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? አዲስ ፕሮግራም ሲጫን ነው። አንድ ባለሙያ አሥር ማሽን ላይ እየገባ ያንኑ ትእዛዝ አሥር ጊዜ ቢጽፍ ይደክማል፤ አንዱን ሊዘልም ይችላል። ያን ጊዜ አንዱ ተማሪ አዲሱን፣ ሌላው አሮጌውን ገጽ ያያል። ትእዛዙን ሁሉ ለሁሉም ማሽን በጅምላ መላክም መፍትሔ አይደለም። ለምሳሌ «ለእያንዳንዱ ተማሪ 5 ማርክ ጨምር» የሚል ትእዛዝ መቆጣጠሪያ ሳይደረግለት ከአራት ማሽኖች ላይ ቢፈጸም፣ አራቱም የሚነኩት ያንኑ አንድ መዝገብ ስለሆነ፣ ተማሪው 20 ማርክ አግኝቶ ቁጭ ይላል! እንዲህ የተበላሸ መዝገብ የሰው ዕድል ያበላሻል።

ለዚህ መላ ካበጁት አንዱ ጄሚስ በክ የተባለው ፕሮግራመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በሩቢ ቋንቋ የጻፈው መሣሪያ መጀመሪያ ስዊችታወር ይባል ነበር፤ በ2006 ካፒስትራኖ ተባለ። በዚህ መሣሪያ እያንዳንዱ ሰርቨር ድርሻው በዝርዝር ይጻፋል። እያንዳንዱ ትእዛዝም ለየትኛው ድርሻ እንደሆነ ይነገረዋል። ከዳታቤዝ ሰርቨሮች አንዱ «ዋና» ተብሎ ሊሰየም ይችላል፤ የመዝገቡን ቅርጽ የሚለውጠው ትእዛዝ እዚያ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈጸማል። እ.ኤ.አ. በ2012 ብቅ ያለው አንሲብልም ማሽኖችን በቡድን በቡድን እየዘረዘረ ያዛል።

ከዚህ የምንረዳቸው ሦስት ቁም ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ዝርዝሩና ትእዛዙ ለየብቻ ይጻፉ። ማሽን ቢበላሽ ከዝርዝሩ ላይ አንድ መሥመር ይቀየራል እንጂ ትእዛዙ አይነካም።

ሁለተኛ፣ አንዴ ብቻ መሠራት ያለበት ሥራ ባለቤቱ አንድ ይሁን። ያውም የመዝገቡ ቅጂ በቅድሚያ ከተያዘ በኋላ።

ሦስተኛ፣ አንድ ማሽን ብዙ ድርሻ ሊይዝ ይችላል። በትንሽ ትምህርት ቤት አንዱ መምህር ያስተምራል፣ ቤተ መጻሕፍቱን ይጠብቃል፣ ንብረትም ይረከባል አይደል? ቢሆንም ድርሻዎቹ ተለይተው ይጻፉ። ሁለተኛ ማሽን ሲመጣ ማካፈሉ ቀላል ይሆናል።

ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት የተማሪዎች ውጤት በኮምፒውተር ቢያዝ «ይህን ማን አዘዘ? የት ላይ ተፈጸመ?» ተብለን የምንጠየቀው እኛው ነን። መልሱን ከወዲሁ እንወቀው።

የሳምንቱ ጥያቄ፦ አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ሰርቨር ብቻ ቢኖረው ሦስቱን ድርሻዎች እንዴት ታከፋፍሏቸዋላችሁ? ለምን?