የኢሚግራንት ቪዛ መዘግየት ክስ

የኢሚግራንት ቪዛ መዘግየት ክስ በዩናይትድ ስቴትስ የቪዛ ጉዳያቸው ለረጅም ጊዜ ያለ ውሳኔ የቆየባቸው ሰዎች መንግሥት ውሳኔ እንዲሰጥ ለማስገደድ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚመሠርቱት የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። በተለምዶ «ማንደመስ» ይባላል፤ ቃሉ ላቲን ሲሆን «እናዝዛለን» ማለት ነው። ከሳሹ ብዙ ጊዜ አሜሪካ ሆኖ ለቤተሰቡ ያመለከተው ሰው ነው።

ፍርድ ቤቱ «ቪዛ ስጡ» ብሎ አያዝም፤ የሚያዘው «ወስኑ» ብሎ ነው። ቆንስል በቪዛ ላይ የሰጠውን ውሳኔ ፍርድ ቤት እንደማይመረምር የቆየ መርህ አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2024 በሙኞዝ ጉዳይ ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ ክሱን ያሸነፈ ሰው በማግስቱ ቪዛ ሊከለከል ይችላል።

ክሱ የሚቆመው በሁለት ሕጎች ላይ ነው። የ1946ቱ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሥሪያ ቤቶች የቀረበላቸውን ጉዳይ «በተገቢ ጊዜ ውስጥ» እንዲጨርሱ ያዛል፤ የ1962ቱ የማንደመስ ሕግ ደግሞ የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤቶች ባለሥልጣን ግዴታውን እንዲወጣ እንዲያዙ ሥልጣን ይሰጣል።

«ተገቢ ጊዜ» ግን ስንት ነው? ዳኞች የሚጠቀሙበት መለኪያ የመጣው ከቪዛ ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው የ1984 ክርክር፣ ከስልክ ደንበኞች የገንዘብ ተመላሽ ጥያቄ ነው። መለኪያው ስድስት ነጥቦች አሉት። ከእነዚህም የሰው ጤናና ኑሮ መነካቱ ለከሳሽ ይጠቅማል፤ የመሥሪያ ቤቱ ሌሎች ሥራዎች መጓተታቸው ለመንግሥት። በተግባር ከባዱ የወረፋ ጥያቄ ነው፦ አንዱን ማስቀደም ሌላውን ወደኋላ መግፋት ነው ይላሉ ዳኞቹ። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት መጠበቅ ብቻውን በቂ አይደለም ያሉም ብዙ ናቸው።

ሌላው መሰናክል ከቃለ መጠይቅ በኋላ በአንቀጽ 221(ጂ) የሚሰጠው ወረቀት ነው። አመልካቹ «ጉዳዬ ገና በማጣራት ላይ ነው» ሲል፣ መንግሥት «ወረቀቱ ራሱ ክልከላ ስለሆነ ተወስኗል» ይላል። የወረዳ ዳኞች በዚህ ተከፋፍለዋል፤ የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2024 ለመንግሥት አዘንብሏል። ያም ሆኖ መንግሥት መልስ ለመስጠት ባለው 60 ቀን ውስጥ ቆንስላው ጉዳዩን ወስኖ፣ ክሱ ፍርድ ሳያገኝ የሚዘጋበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በኢትዮጵያም በሚገባ በሚታወቀው በዲቪ ግን መዘግየት ማለት ማጣት ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ቪዛውን እስከ በጀት ዓመቱ ማብቂያ፣ ሴፕቴምበር 30 (መስከረም 20 ገደማ)፣ ካላገኘ ዕድሉ ያበቃል። በኤፕሪል 2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የኢሚግራንት ቪዛን ሲያግዱ የዲቪ ዕድለኞች ክስ መሠረቱ። ዳኛ አሚት ሜህታ በሴፕቴምበር 4 መንግሥት ጉዳዮቹን በፍጥነት እንዲያስተናግድ አዘዙ፤ ወሩ ሲያልቅም 9,095 ቪዛዎች ከቀነ ገደቡ በኋላ እንዲሰጡ እንዲቀመጡ ወሰኑ። ለ2021 ዕድለኞችም ተመሳሳይ ትእዛዞች ወጡ።

ዕድለኞቹ ግን ለዓመታት ይግባኙን ሲጠብቁ ቆይተው፣ በጁን 2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ትእዛዞቹን ሻረ። ምክር ቤቱ በሕግ የወሰነውን ቀነ ገደብ ፍርድ ቤት ማራዘም አይችልም፤ መዘግየቱ የመንግሥት ጥፋት ቢሆንም እንኳ። ከዚያ ወዲህ የዲቪ ከሳሽ ውሳኔም ቪዛም ማግኘት ያለበት ሴፕቴምበር 30 እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ነው።