በስድስት ኪሎ ሰማይን እየተመለከቱ ትንሽ አይሮፕላን ስለ ማብረር

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ዛሬ ግን አባትና ልጅ አንድነት ሆነው ስለሚደክሙበት አንድ ጨዋታ ጥቂት ልንናገር ወደድን። ይኸውም በሬዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ አይሮፕላን ሠርቶ ማብረር ነው። ጨዋታ ማለታችን ገንዘብ የማይገኝበት ስለ ሆነ ነው እንጂ ድካሙስ ከብዙ ሥራ ይበልጣል።

ይህች አይሮፕላን ሰው የማይቀመጥባት ናት። አካሏ ከቀላል እንጨት ወይም ፎም ከሚባለው እንደ ቡሽ ከቀለለ ነገር ይሠራል፤ ለዠማሪ የምትሆነዋ ክብደቷ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ነው። በአፍንጫዋ በባትሪ ኀይል የሚሠራ ሞተርና ውልብልቢት አለ። የሚያበርራት ሰው በምድር ቆሞ በእጁ ከያዘው ማዘዣ የሬዲዮ ሞገድ ሲልክ፥ በሆዷ ያለው ተቀባይ ትእዛዙን ሰምቶ በክንፏና በጭራዋ ጠርዝ ያለውን ተንቀሳቃሽ ክፍል ያዘነብላል። ነገሩ አዲስ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1898 ኒኮላ ቴስላ በኒው ዮርክ ከተማ ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ እየነዳ ለሕዝብ አሳይቷል። በ1937ም ዋልተርና ዊልያም ጉድ የሚባሉ መንታ አሜሪካውያን በሬዲዮ የምትመራ አይሮፕላን አበረሩ፤ ያቺም አይሮፕላን በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ገብታለች።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ አዲስ አበባና አይሮፕላን የተዋወቁት በክፉ ወራት ነው። ንሥረ ተፈሪ የተባለችው የመጀመሪያዪቱ አይሮፕላን አንድሬ ማዬ በሚባል ፈረንሳዊ እየተነዳች ከጅቡቲ ተነሥታ የደረሰችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ነሐሴ በአዲስ አበባ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከዚያም በኋላ ሉድቪግ ዌበር የሚባል ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን ጋራ ሆኖ እዚሁ አገር የሠራት፥ በ1928 ዓ.ም. የበረረችው አይሮፕላን በልዕልት ፀሐይ ስም ፀሐይ ተባለች። ጠላት ወደ ኢጣሊያ ወስዷት ብዙ ዘመን በቤተ መዘክር ከቆየች በኋላ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ይህን ዜና በሰማ ቀን፥ እኔም በበኩሌ ትንሽ ፀሐይ እሠራለሁ ብሎ ተነሣ፤ የዚህ ጽሑፍ ምክንያትም እርሱ ነው።

ቤታችን ከስድስት ኪሎ ከየካቲት 12 ሐውልት ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ከሰገነቱ ላይ ሲቆሙ በስተ ሰሜን እንጦጦ ፊት ለፊት ይታያል። ጃንሜዳ ቅርባችን ቢሆንም ሰው የማይታጣበት ስለ ሆነ፥ በእጅ ከሚወረወር ሞተር የለሽ ተንሸራታች በቀር በዚያ ማብረር አይገባም። ሞተር ያላትን ግን የመንግሥት ፈቃድ ተቀብሎ ከከተማ ወጥቶ በሰፊ ሜዳ ማብረር ያስፈልጋል። ስለ ፈቃዱ የሚያጕረመርሙ አሉ፤ ነገር ግን ታላላቆቹ አይሮፕላኖች ወደ ቦሌ ሲወጡና ሲወርዱ በሚውሉበት ሰማይ ሥር መጠየቁ የተገባ ነው።

ስድስት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በባሕር ዳርቻ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ኪሎ ከ225 ግራም ሲመዝን፥ በዚህ ከፍታ ግን 957 ግራም ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ክንፉን ከሚሸከመው አየር ከአምስት እጅ አንዱ ጎድሏል ማለት ነው። ስለዚህ በጅቡቲ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሮጣ የምትነሣ አይሮፕላን በእኛ ዘንድ 45 ያህል ካልሮጠች አትነሣም፤ ስታርፍም እንደዚሁ ፈጥና ነው። ከውጭ አገር ከነመምሪያ መጽሐፏ የመጣች አይሮፕላን አልነሣ ስትል ልጆች ተበላሸች ብለው ያዝናሉ። አልተበላሸችም፤ መጽሐፉ የተጻፈው ለቆላ ሰው ነው።

የሰማዩ ጠባይ ግን ከዚህ ይልቅ ያስቸግራል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወራት ለዚህ ጨዋታ የተሰጠ ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ከእንጦጦ ወደ ከተማው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ያለውም ጊዜ አብዛኛውን ጸጥ ያለ ነው። ብርዱ የባትሪውን ኀይል ስለሚቀንስ፥ እስኪነሡ ድረስ ባትሪውን በካፖርት ኪስ ይዞ ማሞቅ ይገባል። ፀሐይ ምድሩን ካሞቀች በኋላ አየሩ ተመልሶ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ያን ጊዜ ጭልፊቶች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ከፍ ከፍ ሲሉ ይታያሉ። ይህን ያየ ሰው በዚያ ስፍራ የሚያነሣ አየር፥ በአጠገቡም የሚጥል አየር እንዳለ ይወቅ። ባሕር ዛፉም ሌላ ምስክር ነው። ጫፉ ብቻ ሲነቃነቅ ደኅና ነው፤ ግንዱ መወዛወዝ ከዠመረ ግን አይሮፕላን ከሳጥን አይወጣም።

በበልግ፥ ማለት ከየካቲት እስከ ግንቦት፥ ሰማዩ ጠዋት የተናገረውን ከቀትር በኋላ ይክዳል። ጥርት ብሎ የነጋው ቀን ስድስት ሰዓት ግድም ሲሆን በእንጦጦ ራስ ላይ እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ ደመና ይወጣል፤ ያም ወደ ላይ እየረዘመ ሥሩ ይጠቍራል። ከዝናቡም አስቀድሞ ከደመናው ሥር የሚወርድ ቀዝቃዛ ነፋስ በድንገት ይመታል፤ አንዳንድ ጊዜ በረዶ ይከተለዋል። ነጐድጓድ ከተሰማ በኋላማ በሜዳ መካከል መቆም ለራስ ሕይወት አለማሰብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የመሥሪያና የመጠገኛ ጊዜ ነው።

ነፋስ አይሮፕላንን እንዴት እንደሚነጥቅ በቍጥር እናሳይ። አይሮፕላኗ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትበርር፥ ነፋሱም 30 የሚነፍስ ቢሆን፥ ነፋሱን ተከትላ ስትሄድ 70 ትሆናለችና 300 ሜትር በ15 ሰኮንድ ያህል ትርቃለች። ፊቷን መልሳ ስትመጣ ግን የሚቀራት 10 ብቻ ስለ ሆነ፥ ያንኑ 300 ሜትር ለመመለስ 108 ሰኮንድ ያስፈልጋታል። ነፋሱ 40 ቢደርስ ባለችበት ቆማ ትቀራለች። ሌላም ስሕተት አለ። ነፋስ ከኋላ ሲገፋት በምድር ለቆመ ሰው እጅግ የፈጠነች ስለምትመስለው የሞተሩን ኀይል ይቀንሳል፤ ለክንፏ ግን የሚበቃ አየር አይደርሰውምና ትወድቃለች።

ይህን ሁሉ ልጄ ከእኔ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። እኔ የተማርሁት እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፥ ግንቦት 4 ቀን፥ ዘመዶቻችን፥ ከእነርሱም ጋራ በዕድሜም በማዕርግም ከእኔ የሚበልጡ አንድ ሰው እንግዶቻችን ነበሩ። ልጁ ሦስት ወር ሙሉ የደከመባትን አይሮፕላን ጨርሶ ሁለት ጊዜ አብርሯት ነበርና፥ ከምሳ በኋላ ስትበርር ካላየን ተባለ። የተፈቀደልን ሜዳ ከእንጦጦ ማዶ ነው። ልጁ ወደ ሰገነቱ ወጥቶ ተመለከተና በጆሮዬ፦

«አባባ፥ ዛሬ አይሆንም። ደመናው ሥሩ ጠቍሯል» አለኝ።

«በእንግዶች ፊት አታሳፍረኝ፤ አንድ ዙር ብቻ ነው» አልሁት።

አንገቱን ደፍቶ ሳጥኑን ተሸከመ። ሜዳው ስንደርስ ነፋስ አልነበረም፤ እኔም ይኸው አላልሁህም አልሁ። አይሮፕላኗ ተነሥታ አንድ ጊዜ ስትዞር ሁሉም አጨበጨቡ። ሁለተኛውን ሳትጨርስ ባሕር ዛፎቹ በአንድነት ጎነበሱ። ልጁ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ፊቷን ወደ እኛ መለሰ፤ እርስዋ ግን ወደ እኛ እያየች ወደ ኋላ ትሄድ ነበር። ጥቂት ቆይታ ከዛፎቹ ማዶ ተሰወረች፤ በረዶውም መጣ።

ወደ መኪና ስንሮጥ ትልቁ እንግዳችን ልጁን በካባቸው ሸፍነው አጠገባቸው አስቀመጡት። «ልጄ፥ አንተ አስቀድመህ ተናግረሃል፤ ሰምቻለሁ» አሉት። ወደ እኔ አላዩም። እስከ ስድስት ኪሎ ድረስ ሌላ ነገር የተናገረ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አንድ እረኛ ግራ ክንፏን አግኝቶ አመጣልን፤ የቀረው አልተገኘም።

ልጁ በዚያ ክረምት ሁለተኛዪቱን ሠራ። የተረፈው ግራ ክንፍ ከቀኙ ትንሽ ይከብዳል፤ ስለዚህ በቀኙ ጫፍ ላይ አንዲት የብረት ሳንቲም ለጠፈበት። እኔም በሰገነት ላይ የሚነገረው ቃል የእርሱ ብቻ እንዲሆን ቃል ገባሁለት። በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር ቅዳሜ ጠዋት፥ ካፖርቴን ለብሼ፥ መኪናውን አስነሥቼ ስጠብቅ፥ ልጁ ባሕር ዛፎቹን ረጅም ጊዜ ሲመለከት ቆየና ከላይ ሆኖ «ዛሬም ይቅር፥ አባባ» አለኝ። ለእኔ ሰማዩ ጥሩ ይመስለኝ ነበር። መኪናውን አጥፍቼ፥ የሞቀውን ባትሪ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት።