ለፋሲካ ሌሊት ትንሽ ድስት፤ የገብስ ሾርባ በደጋው ቤት



የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሊፈጸሙ ሲቃረቡ በየቤቱ የሚደረገው ዝግጅት የታወቀ ነው። ጠላው ይጠመቃል፣ ዳቦው ይደፋል፣ ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ዶሮው በብልት በብልቱ ይሰናዳል። የቤቱ እመቤት ሌት ተቀን ስትደክም ትሰነብታለች። ከዚህ ሁሉ መሰናዶ መካከል ግን አንድ ጉዳይ ተዘንግቶ ሲቀር ይስተዋላል። ይኸውም፣ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ከሥጋና ከቅቤ፣ ከወተትና ከእንቁላል ርቆ የሰነበተ፣ ይልቁንም አክፍሎት ይዞ ከዓርብ እስከ እሑድ ሌሊት እህል ውኃ ያልቀመሰ ሰው፣ ቅዳሴው አብቅቶ ወደ ቤቱ ሲገባ አስቀድሞ ምን ይቅመስ የሚለው ጥያቄ ነው።

አባቶችና እናቶች ይህን ሳያስቡበት የቀሩ አይደሉም። በብዙ ቤቶች ዶሮ ወጡ ከመቅረቡ በፊት የተልባ መጠጥ የሚቀመሰው፣ ባዶ የሰነበተው ሆድ ቅቤና በርበሬ በድንገት እንዳይከብደው ለማለስለስ ነው። ይህ ልማድ በእኛ ዘንድ ብቻ የሚገኝ አይደለም። የግሪክ ኦርቶዶክሳውያንም ከትንሣኤ ሌሊት ጸሎት ሲመለሱ ጾማቸውን የሚፈቱት ማጊሪጻ በሚባል፣ ከበግ የሆድ ዕቃና ከቅጠላ ቅጠል በሚሠራ ትኩስ ሾርባ ነው። የበጉ ጥብስ የሚቀርበው በማግሥቱ ቀን ነው። አገር ቢራራቅም የሆድ ጠባይ አንድ ነውና፣ ከረጅም ጾም በኋላ ትኩስ፣ ቀጭንና ጥቂት የሆነ ነገር እንዲቀድም ሁለቱም ሕዝቦች በልማዳቸው አጽንተውታል።

ከቀየት አንሥቶ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ ስፍራዎች ለሚኖር ቤተሰብ ለዚህ የሚስማማው እህል ከጎተራው አይርቅም። እርሱም ገብስ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማና ከዚያም ከፍ በሚለው ብርዳማ አገር ጤፍና ማሽላ ሳይደፍሩ ሲቀሩ፣ ውርጩን ችሎ በበልግም በመኸርም ለሰው የሚደርሰው ገብስ ነው። እንጀራው፣ ቂጣው፣ ቆሎው፣ በሶው፣ ቅንጬው፣ ገንፎውና ጠላው ሁሉ ከእርሱ ይወጣል። «ገብስ የእህል ንጉሥ» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ሾርባ የሚለው ቃል ከዐረብኛ ወደ እኛ የገባ ቢሆንም፣ ነገሩ ራሱ ለደጋው ሰው እንግዳ አይደለም። ለአራስ አጥሚት፣ ለታመመ ሙቅ፣ ለደከመ መረቅ ማቅረብ የቆየ ሙያ ነውና።

ውኃው ፈጥኖ ይፈላል፣ እህሉ ግን ዘግይቶ ይበስላል

በደጋ ወጥ የሠራች ሴት ሁሉ የምታውቀው አንድ ነገር አለ። ባቄላም ሆነ አተር ከቆላው ይልቅ በደጋው ለመብሰል ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ምክንያቱ የእህሉ ክፋት ሳይሆን የአየሩ ግፊት መቀነስ ነው። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውኃ፣ በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃው ሲንተከተክ ቢታይም ሙቀቱ ዝቅተኛ በመሆኑ እህሉ ሳይበስል ይቆያል። በዚህ ላይ ዛፍ በተመናመነበት አገር የሚነደው በአብዛኛው ኩበት ነው። ኩበት ደግሞ ለማሳው ማዳበሪያ ሊሆን የሚችል ሀብት ነው። ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ስንዴውና የባቄላ ክኩ ቀደም ብለው መዘፍዘፋቸውና ረጅም ጊዜ መቀቀላቸው ስለዚህ ነው።

በመሆኑም በደጋ ፈጣን ሾርባ ለመሥራት የሚሻ ሰው ድካሙን ወደ ፊት ማስቀደም አለበት። እህሉ አስቀድሞ ታምሶና ተፈጭቶ ከተቀመጠ፣ በምድጃ ላይ የሚቀረው ሥራ የሩብ ሰዓት ብቻ ነው።

ዱቄቱን ማሰናዳት

3 ጣሳ ገብስ ተለቅሞና ተበጥሮ፣ በሙቀጫ ተፈትጎ ገለባው ከወጣለት በኋላ በለስላሳ እሳት ይታመሳል። ገለባው በቀላሉ የሚለቀው ሰነፍ ቆሎ የሚባለው የገብስ ዓይነት ከተገኘ ድካሙ ይቀንሳል። ግማሽ ጣሳ ባቄላ ታምሶ ይከካል፤ ግማሽ ጣሳ ምስርም ይታመሳል። ሦስቱም ተቀላቅለው በደንብ ይላማሉ። ዱቄቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ይቀመጣል። ለአንድ ወር የሚበቃውን ያህል ብቻ ማስፈጨት ይመረጣል፤ ብዙ የቆየ ዱቄት ሽታውና ጣዕሙ ይለወጣልና።

ገብሱ ከጥራጥሬ ጋር የሚዋሐደው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ገብስ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። ባቄላና ምስር ግን ይህ በብዛት ስላላቸው አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በዚህ ረገድ የአገራችን ገብስ በዓለም ዘንድ የታወቀ ታሪክ አለው። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ የገብሷን ዝርያ ብዛት አድንቋል። የስዊድን ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ1970 ላይሲን በብዛት የሚገኝበት ሂፕሮሊ የተባለ ገብስ ማግኘታቸውን ሲያስታውቁ፣ የዘሩ ምንጭ ኢትዮጵያ ነበረች። ሆኖም እንዲህ ያለው ዝርያ ከብዙ አንዱ ነውና፣ በየጎተራው ያለውን ገብስ ከጥራጥሬ ጋር ማዋሐዱ የታመነ ዘዴ ነው።

የአንድ ሰው ሾርባ

ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው 2 ኩባያ ውኃ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ግማሽ ራስ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት፣ 1 ፍንጣሪ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 ትንሽ ድንች ወይም ካሮት፣ 1 የሻይ ማንኪያ የኑግ ወይም ሌላ የምግብ ዘይትና ጨው ነው።

በመጀመሪያ ዱቄቱ በግማሽ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። ይህ መዘለል የለበትም፤ ደረቅ ዱቄት በፈላ ውኃ ላይ ቢነሰነስ ይጓጉላልና። ቀጥሎ ሽንኩርቱ ደቆ ተከትፎ በዘይቱ ሳይጠቁር ለጥቂት ጊዜ ይቁላላል። ነጭ ሽንኩርቱና እንደ ሽምብራ ፍሬ አንሶ የተከተፈው ድንች ይጨመሩና የቀረው 1 ተኩል ኩባያ ውኃ ይገባበታል። ሲፈላ ብጥብጡ እየተማሰለ ቀስ ተብሎ ይፈስበታል። እሳቱን ቀነስ አድርጎ፣ ከሥር እንዳይዝ አልፎ አልፎ እያማሰሉ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ማብሰል ነው። ድንቹ ሲለሰልስና ሾርባው ከጭልፋው ላይ እንደ ወፍራም ወተት ሲወርድ ደርሷል ማለት ነው። ጨው በመጨረሻ ይጨመራል። በደጋው ሜዳ የሚበቅለው ጦስኝ በጣት ቆንጥሮ ሲጨመርበት መዓዛው የተለየ ይሆናል። ሎሚ የተገኘ እንደሆነ ሲቀርብ ጥቂት ጠብ ማድረግ፣ በጥራጥሬው ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በተሻለ እንዲቀበለው ይረዳል።

ዱቄት ያላሰናዳ ቤት በክክ ምስር ሊሠራ ይችላል። ለሁለት ሰው ግማሽ ኩባያ ክክ ምስር ታጥቦ፣ ከላይ በተጠቀሰው ዓይነት ቁሌት ላይ ከ4 ኩባያ ውኃ ጋር ይጣዳል። 25 ደቂቃ ያህል ወይም ምስሩ እስኪፈርስ ከፈላ በኋላ በማማሰያ ተመትቶ ይቀርባል።

ለምን በትንሹ?

ሾርባን በትልቅ ድስት ሠርቶ ማሳደር ድካም የሚቀንስ ይመስላል። ነገር ግን የበሰለ ምግብ ለብ ብሎ ሲያድር ተሐዋስያን ይራቡበታል። ከሁለት ሰዓት በላይ ከእሳት ውጭ ባይቆይ መልካም ነው። የተረፈውም በቶሎ ቀዝቅዞ ተከድኖ መቀመጥ፣ ዳግመኛ ሲቀርብም እስኪፈላ መሞቅ ይኖርበታል። አንድ ኩባያ ሾርባ ግን ተሠርቶ ወዲያው ያልቃል፤ ማገዶውም ጥቂት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን የሰው ጉዳይ ነው። ልጆች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ በደጋው መንደር ብቻቸውን የሚቀሩ አረጋውያን ጥቂት አይደሉም። «ለአንድ አፍ ምን ድስት ይጣዳል?» እያሉ በደረቅ ቂጣና በቆሎ የሚውሉ እናቶች አሉ። ጥርሳቸው የረገፈባቸው አባቶች ቆሎውንም ማኘክ ይቸግራቸዋል። በጾሙ ወራት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ሲያበቃ ወደ ቀዝቃዛ ቤት ይመለሳሉ፤ እሳት ማንደዱ ስለሚከብዳቸውም እንዲሁ ይተኛሉ። ለእነዚህ ሰዎች የሩብ ሰዓት ሾርባ የቅንጦት ምግብ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

ገብስ ለልብም ይበጃል። ቤታ ግሉካን የሚባለው የገብስ ልዩ አሰር በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጦ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 ይህ ጥቅሙ በገብስ ምግቦች ላይ እንዲገለጽ ፈቅዷል። ይሁን እንጂ ሾርባ መድኃኒት አይደለም። የስኳር ወይም የጨጓራ ሕመም ያለበት፣ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ስለ ጾሙም ሆነ ስለ አፈታቱ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን አስቀድሞ ማማከር ይገባዋል።

በትንሣኤ ሌሊትም አሠራሩ ቀላል ነው። ቅዳሜ ምሽት ሽንኩርቱና ድንቹ ተከትፎ፣ ዱቄቱ ተለክቶ ይቀመጣል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሳቱ ሲቀጣጠል በመጀመሪያ ሾርባው ይጣዳል፤ ዶሮ ወጡ በጎን ይሞቃል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ኩባያ በዝግታ ከተጠጣ በኋላ፣ ጥቂት ጋብ ብሎ ወደ ወጡ መዝለቅ ነው። በፋሲካ ማግሥትም የዶሮው አጥንት ተቀቅሎ መረቁ በውኃው ፋንታ ቢገባበት ሾርባው የፍስክ ይሆናል።

በዓል ሲሆን ለጎረቤት እንጀራና ወጥ መላክ የቆየ ደግነታችን ነው። በዚህ ዓመት ብቻቸውን ላሉ ጎረቤት አረጋዊ ከወጡ ጋር አንድ ጣሳ የተሰናዳ ዱቄት ቢጨመር፣ ወጡ በዕለቱ ያልቃል፤ ዱቄቱ ግን ከዳግም ትንሣኤም በኋላ በየማታው ትንሿን ድስት ያስጥዳል።