የአፕ ማስታወቂያዎ ስንት ሻጭ አመጣ? ኤአይ ኤጀንት ሲጠይቁ ማወቅ ያለብዎት

የሞያሌን፣ የጅግጅጋን ወይም የመተማን የከብት ዋጋ የሚያሳይና ሻጭን ከገዢ የሚያገናኝ አፕ ያሠራ ማኅበር ቀጥሎ የሚገጥመው ወጪ ማስታወቂያ ነው። በተለይ ከአረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት ለፌስቡክና ለጎግል የሚከፈለው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ታዲያ ያ ገንዘብ ስንት እውነተኛ ሻጭና ገዢ አመጣ?

ማስታወቂያውን ያየ ሰው እኛ የምንፈልገውን ነገር ሲያደርግ በሙያው ቋንቋ «ኮንቨርዥን» ይባላል። ደረጃ አለው፤ አፑን መጫን አንድ ነው፣ በስልክ ቁጥር መመዝገብ ሌላ ነው፣ ሰንጋውን ወይም ግመሉን ለሽያጭ ማስፈር ደግሞ ሌላ። ገበያ የወጣ ሁሉ ገዢ እንዳልሆነ ሁሉ አፑን የጫነ ሁሉ ነጋዴ አይደለም።

ኤጀንቱ ምን ይሠራል?

ይህን መረጃ ለማግኘት የፌስቡክንና የጎግልን የማስታወቂያ ገጽ፣ እንዲሁም እንደ አፕስፍላየርና አድጀስት ያሉ የመለኪያ ድርጅቶችን ገጽ አንድ በአንድ ከፍቶ ሰንጠረዥ ማውረድ የተለመደ ነበር። አሁን ኤአይ ኤጀንት ይህን ሥራ ያቃልላል። ጥያቄዎን በተለመደው ቋንቋ ይጽፉለታል፤ እሱም በተሰጠው ፈቃድ ወደ መረጃ ቋቱ ገብቶ ቁጥሩን ያመጣል። ኤጀንቱን ከመረጃ ቋቱ ጋር ከሚያገናኙት መንገዶች አንዱ አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ይፋ ያደረገው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ኤጀንቱ የሚያመጣው የተመዘገበውን ብቻ ነው። ከብት የማስፈር ተግባር እንዲቆጠር አፑን የሠራው ባለሙያ አስቀድሞ ካላስገባው፣ በኋላ ቢጠየቅ መልስ አይገኝም።

ጥያቄው የተሟላ ይሁን

«ማስታወቂያው እንዴት ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው የሚመጣው መልስም የዚያኑ ያህል ደፈናዊ ነው። የሚቆጠረው ተግባር፣ ቀኑ፣ አገሩና የመረጃው ምንጭ ተለይቶ ይጻፍ። ለምሳሌ፦

«እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 እስከ 14 ቀን 2026 በኢትዮጵያና በኬንያ ከፌስቡክና ከጎግል ማስታወቂያ መጥተው አፑን የጫኑ፣ የተመዘገቡና ከብት ያሰፈሩ ሰዎችን ቁጥር በየቀኑ ለይተህ አሳየኝ። ቀኑን በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ቁጠር። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ጻፍ። ያላገኘኸውን አላገኘሁም በል።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ትርፍ አይደለም። ኤጀንት መረጃ ሲጎድልበት እውነት የሚመስል ቁጥር ሊሞላ ይችላል።

የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። መስከረም 1 ቀን 2018 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው። ኤጀንቱ 2018ን እንዳለ ከወሰደው ከ7 ዓመት በፊት የነበረ መረጃ ፍለጋ ይሄዳል። የማስታወቂያ ሒሳቡ ሲከፈት የሌላ አገር ሰዓት ተመርጦ ከሆነ ደግሞ የአንዱ ቀን ቁጥር ወደ ሌላው ይዘዋወራል።

ሁለት ደላላ በአንድ ሰንጋ

አንድ ሰንጋ ሲሸጥ ሁለት ደላላ «ገዢውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» የሚሉበት ጊዜ አለ። እዚህም እንደዚያው ነው። ፌስቡክ በተለመደው አሠራሩ ማስታወቂያውን ነክቶ በ7 ቀን፣ ወይም አይቶ በ1 ቀን ውስጥ አፑን የጫነውን ሰው የራሱ አድርጎ ይቆጥራል። ጎግል ደግሞ ከተነካ በኋላ በተለመደው እስከ 30 ቀን ይቆጥራል። ሰኞ የጎግልን ማስታወቂያ የነካ የያቤሎ ነጋዴ ሐሙስ የፌስቡክን አይቶ ያኔውኑ አፑን ቢጭን ሁለቱም ይቆጥሩታል።

ለምሳሌ ያህል ለእያንዳንዳቸው 300 ዶላር ተከፍሏል እንበል። ፌስቡክ 400፣ ጎግል 350 ሰው አመጣሁ ይላሉ፤ ድምሩ 750 ነው። አፑ ላይ በአዲስነት የታዩት ስልኮች ግን 520 ብቻ ናቸው። ስለዚህ የአንድ ጭነት ዋጋ 80 ሳንቲም ሳይሆን 1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ነው። ከእነዚህ ውስጥ ከብት ያሰፈሩት 40 ከሆኑ፣ አንድ ሻጭ 15 ዶላር አስወጥቷል ማለት ነው። ለውሳኔ የሚጠቅመው ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ኤጀንቱም የሁለቱን ቁጥር ዝም ብሎ እንዳይደምር ይንገሩት። እንደ አፕስፍላየር ያሉት መለኪያዎች አንዱን ጭነት ብዙ ጊዜ መጨረሻ ለተነካው ማስታወቂያ ብቻ ስለሚሰጡ እነሱን ማመሳከር ይረዳል።

ከቁጥሩ የሚጎድሉ

በአንድሮይድ ስልክ ሰው ከየትኛው ማስታወቂያ እንደመጣ የሚነግረው ከፕሌይ ስቶር ጋር አብሮ የሚመጣ ምልክት ነው። አፑ በቴሌግራም ወይም በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ ያ ምልክት የለም፤ ሰውየው ማስታወቂያ አይቶ ቢመጣም አይታወቅም።

አይፎን የያዘ የባሕረ ሰላጤ ገዢ ደግሞ ሌላ ነው። አፕል ከአፕሪል 2021 ጀምሮ አፖች ሰውን ለመከታተል ፈቃድ እንዲጠይቁ አድርጓል። ካልፈቀደ የሚመጣው መረጃ የጥቅል ነው፤ እሱም ቀናት ይዘገያል። የትናንቱን የአይፎን ቁጥር ዛሬ አይቶ ማስታወቂያ ማቆም ያስቸኩላል።

ቁልፉን ለማን ይሰጣሉ?

ለኤጀንቱ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ይስጡት፤ በጀት የመጨመርም ሆነ ማስታወቂያ የመክፈት ሥልጣን አያስፈልገውም። የደንበኞችን ስምና ስልክ ቁጥር አያስገቡለት፤ ለዚህ ሥራ ድምሩ ይበቃል። የኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ሆነ የኬንያው የ2019 የዳታ ጥበቃ ሕግ የሰውን መረጃ የያዘውን ተጠያቂ ያደርጋሉ፤ በድንበር ግራና ቀኝ የሚሠራ ነጋዴ ሁለቱም ይመለከቱታል።

በመጨረሻ ኤጀንቱ ያመጣውን ቁጥር ከራስዎ መዝገብ ጋር ያስተያዩ። በሳምንቱ የደወሉትን፣ ከብት ያሰፈሩትንና የሸጡትን ደብተርዎ ያውቃል። ሁለቱ ተቀራራቢ ከሆኑ በጀቱን ይቀጥሉ፤ ከተራራቁ ተጨማሪ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ምክንያቱን ይጠይቁ።