ስለ ጌሾ፤ ስለ ንብና ስለ ጠጅ

የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ገበሬ ሆይ፤ ሌላው አገር ጠጁን ከወይን ፍሬ ሲጠምቅ፤ አንተ ማሩን ከቀፎህ፤ ጌሾውን ከጓሮህ ታገኛለህ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ይበረዛል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ የጌሾ እንጨት ይጨመርበታል፤ ቅጠሉ ለጠላ ይቆይ። ይህን ባለቤትህ ከእኛ አብልጣ ታውቃለች። የሚያሳስበው የተባይ መድኃኒት ነው። ኑግ አብቦ ሳለ በቀን የተረጨ እንደ ሆነ፤ ንቡ ከአበባው መርዙን ቀስሞ በቀፎው ደጅ ረግፎ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ማርም ጠጅም የለም። መርጨት ግድ ከሆነብህ ሲመሽ፤ ንቦች ከገቡ በኋላ እርጭ፤ ጎረቤትህም የቀፎውን አፍ እንዲዘጋ አስቀድመህ ንገረው። በጌሾው ላይ ግን ፈጽሞ አትርጭ፤ እንጨቱ ከነልጣጩ ጋን ይገባልና።